የጅምላው አማካይና የየወረዳው እውነት

ክረምቱን አገር ቤት ከርሞ፣ ለመመረቂያ ጽሑፉ አኀዝ ሰብስቦ የሚመለስ ተማሪ በመካከላችን ብዙ ነው። ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ ሲመጣ ደብተሩ በማሳ ስፋትና በኩንታል ተሞልቶ ይመጣል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ አንድ አማካይ ብቻ አውጥቶ «የምዕራብ ጎጃም የበቆሎ ምርት ይህን ያህል ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ አሠራር ለምን እንደሚያሳስትና በምን እንደሚታረም ባጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

የጎጃም ገበሬ ነጩን ጤፍ ከቀዩ ጋር ቀላቅሎ አይወቃም። ለየብቻ ወቅቶ፣ ለየብቻ ሰፍሮ፣ በመጨረሻ የዓመቱን እህል ያሰላል። የአኀዝም ሥራ እንደዚሁ ሦስት ደረጃ አለው፤ ይኸውም መክፈል፣ በየክፍሉ ማስላትና ውጤቱን መልሶ ማጣመር ነው። የኒውዚላንዱ ተወላጅ ሀድሊ ዊክሃም በ2011 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ መርሕ በሰፊው ጽፎበታል።

ለዚህ ሥራ የሚያመቸን «አር» የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ነው። የጀመሩት በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ሲሆኑ፣ 1.0.0 የተባለው እትም በየካቲት 1992 ዓ.ም. ወጣ። የሚገኘውም በነጻ ነው። በውስጡ «ታፕላይ» የሚባል ትእዛዝ አለ። በላቲን ፊደል የሚጻፍ ሲሆን ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መጀመሪያ የሚሰላውን አኀዝ፣ ቀጥሎ መለያውን፣ በመጨረሻም በየክፍሉ የሚሠራውን ፋንክሽን። እንግዲህ ምርትን፣ ወረዳንና «ሚን» የተባለውን የአማካይ ፋንክሽን ብንሰጠው የየወረዳውን አማካይ ለየብቻ ያወጣልናል።

ለመለማመጃ ያህል ይህን እናስብ። ከቡሬ ዙሪያ 2 ገበሬዎች በሄክታር 30 እና 50 ኩንታል፣ ከጃቢ ጠህናን ደግሞ 4 ገበሬዎች 15፣ 20፣ 20 እና 25 ኩንታል አገኙ እንበል። የቡሬ ዙሪያ አማካይ 40፣ የጃቢ ጠህናን 20 ይሆናል። ስድስቱ በጅምላ ሲሰሉ ግን 160 ለ6 ተካፍሎ 26.7 ይመጣል። ይህን አኀዝ ይዞ ምክር የሚሰጥ ሰው ለጃቢ ጠህናን ገበሬ «ከሌላው አንሰሃል» ይለዋል፤ የቡሬውን ደግሞ ችግር የሌለበት አድርጎ ያልፈዋል። ሁለቱን አማካዮች ደምሮ ለሁለት የሚያካፍልም 30 ያገኛል፤ ይህም 2 ገበሬዎችን ከ4 ጋር እኩል ስለሚመዝን ስሕተት ነው። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን «ሌንግዝ» በተባለው ፋንክሽን የየክፍሉን ብዛት ማውጣት ይገባል። 2 ገበሬ ብቻ ያለበት ክፍል ስለ ወረዳው ብዙ እንደማይናገርም ያን ጊዜ ይታያል።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ማሽኑ ሆሄ እንጂ ድምፅ አይሰማም። አንዱ «ጠህናን» ሌላው «ጠሕናን» ብሎ ከጻፈ አንዱን ወረዳ ሁለት ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ አንዱ ማሳ በቃዳ ሌላው በሄክታር ተለክቶ እንደሆነ ከመክፈል በፊት ወደ አንድ መለኪያ ይመለስ። ሦስተኛ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ ቢኖር «አር» የዚያን ክፍል አማካይ «ኤንኤ» ብሎ ይመልሳል። ባዶውን ትተህ አስላ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ነገር ግን ቦታው ባዶ የሆነው በረዶ ማሳውን ስለ መታው እንደሆነስ? ያን ጊዜ የተጎዳውን ገበሬ ከቁጥር አውጥተን አማካዩን ያለ አግባብ ከፍ አደረግነው ማለት ነው።

ትእዛዙን በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መማር ይቻላል። በምን መለያ እንደሚከፈል የሚያውቀው ግን ማሽኑ ሳይሆን ማሳው ድረስ ሄዶ የጠየቀው ተማሪ ነው። ወረዳ ብቻውን ካልበቃ በዘር ዓይነት፣ በማዳበሪያ ወይም በማሳው ተዳፋትነት እንክፈለው። ጊዜውን ሰጥቶ ጥያቄያችንን የመለሰልን ገበሬ በጅምላ አማካይ ውስጥ ጠፍቶ እንዳይቀር የመጠንቀቁ ኃላፊነት የእኛ ነው።