ከሚያነብ ልጅ አጠገብ መቀመጥ



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠቀሰው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስም በተጋበዘ ጊዜ ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ እንጂ ባለመረዳቱ አልነቀፈውም።

ዛሬም እንዲህ ያለ አጋዥ የሚሹ ሕፃናት ብዙዎች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። መጽሐፍ በማይበቃበትና ክፍሉ በተጨናነቀበት ትምህርት ቤት መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ለማዳመጥ ጊዜ አያገኝም። ልጁ 231ዱን ፊደላት ከ«ሀ» ጀምሮ በቃሉ ይወርዳል፤ ከመካከል አንዱን ነጥለን ብናሳየው ግን ይጠፋዋል። ዜማውን እንጂ መልኩን አላወቀምና።

በጢስ ዓባይና በጣና ዳርቻ የምንኖር እኛ ምን እናድርግ?

1ኛ. ከመምህሩ ጋር እንመካከር፤ ረዳት እንጂ ተቆጣጣሪ አይደለንም።

2ኛ. ፊደሉን እያዘበራረቅን እናስለየው፤ ሲሳሳት በጓደኞቹ ፊት አናሳፍረው።

3ኛ. የቀጠርነውን ቀን አናጉድል፤ ብንቀር ልጁ ስለ እርሱ ግድ እንደሌለን ይቈጥረዋልና።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ከምናግዛቸው አብዛኞቹ የኦርቶዶክስ ወይም የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ንባቡን ወደ እኛ መሳቢያ ብናደርገው የወላጆቻቸውን አደራ እንበላለን። ልጁ ማንበብ መቻሉ ብቻውን በቂ ዋጋችን ይሁን።

ለውይይት፦ በቁምስናችን አቅራቢያ ማንበብ የከበደው ልጅ ማን ነው? ከእኛስ ከአጠገቡ የሚቀመጠው ማን ነው?