በሁሩሙ አናት ላይ የሚያልፈው ጥላ

በየካቲት አጋማሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሁሩሙ ላይ ቆሞ ወደ አናቱ ያንጋጠጠ ሰው ቤተልጌዝና ፕሮስዮን በተባሉት ሁለት ደማቅ ከዋክብት መካከል ባዶ የሚመስል ጨለማ ያያል። ባዶ ግን አይደለም፤ አር ሞኖሴሮቲስ የተባለው ኮከብ ያለው እዚያ ነው። ሁሩሙ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ8 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች፤ ኮከቡም ከሰማይ ወገብ እንደዚያው ይርቃልና በአናቷ ላይ ያልፋል ማለት ይቻላል።

ይህ ኮከብ ወጣት ነው። ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሲሆናት የእርሱ ዕድሜ ግን ከ1 ሚሊዮን ዓመት በታች ይገመታል። የተወለደበት አቧራ ገና አልለቀቀውም፤ በመሆኑም የምናየው ኮከቡን ሳይሆን ብርሃኑ ያረፈበትን፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ደመና ነው። ይህም ብርሃን ከሂጅራ በፊት ከ1,000 ዓመት በላይ ቀድሞ ጉዞ የጀመረ ነው።

ደመናውን ዊልያም ኸርሸል በ1783 እ.ኤ.አ. አየው። በ1916 ደግሞ ኤድዊን ሃብል በተለያዩ ዓመታት የተነሱ ፎቶግራፎችን አስተያይቶ የደመናው መልክ እንደሚለዋወጥ አስታወቀ። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር። ብርሃን እንኳ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ወራት የሚፈጅበት ደመና በሳምንታት ውስጥ እንዴት መልኩን ይለውጣል?

መልሱ ኩራዝ ባለበት ቤት ሁሉ አለ። ጣትን ወደ ኩራዙ ቢያስጠጉ ግድግዳው በሙሉ ይጨልማል፤ ግድግዳው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በኮከቡ አጠገብ የሚያልፈው የአቧራ ክምርም እንዲሁ ጥላውን በደመናው ላይ ይጥላል። የአስርን ወቅት በጥላ ለሚለይ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ እዚህ የሚንቀሳቀሰው ብርሃኑ ሳይሆን ጋራጁ መሆኑ ነው።

ደመናው በዓይን ብቻ አይታይም። ነገር ግን ይህን ሁሉ ለእንጦጦ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ብቻ መተው ተገቢ አይመስለኝም። አሜሪካዊው ካርል ላምፕላንድ ይህንኑ ደመና ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ ፎቶ ያነሳው በትዕግሥት ነው። ኢሉባቦር ዝናቧ ረጅም ቢሆንም ሰማዩ የሚጠራባቸው የበጋ ወራት ኮከቡ በምሽት ከፍ የሚልባቸው ወራት ናቸው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕና አንድ ካሜራ የያዙ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከከተማ መብራት ራቅ ብለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በየሳምንቱ አንድ ፎቶ ቢያነሱ፣ ጥላው ሲያልፍ በገዛ ዓይናቸው ያዩታል።