በዕዳ ስለ ተከሰሰ ድኻ ነጋዴ

ምእመናን ሆይ፤ ከደብረ ወርቅ ገበያ ተነሥቶ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የሚመላለስ ነጋዴ፣ ዕቃውን በዱቤ ተቀብሎ ሸጦ መክፈል ልማዱ ነው። ገበያው ሲቀና ስለ ዕዳው የሚያነሣ የለም፤ ሲጠፋ ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመጣል። ይህም ትምህርት የዕለት ገቢው ከልጆቹ ጉርሥ ለማያልፍ፣ መጥሪያም ለደረሰው ሰው ነው።

በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች መቃጠላቸውን የማያውቅ የለም። ዕቃ በአንድ ቀን ዐመድ ይሆናል፤ ዕዳው ግን አብሮ አይቃጠልም። ዕቃውን በዱቤ የሰጠው ሰው እሳቱን አልለኰሰምና፣ ገዢው ከተረከበ በኋላ ጥፋቱ በገዢው ላይ ይወድቃል። ነገሩ መራራ ነው፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

በነቢዩም ዘመን (የአላህ ሰላትና ሰላም በርሳቸው ላይ ይሁን) ፍሬ የገዛ አንድ ሰው አደጋ ደርሶበት ዕዳው በዝቶበት ነበር። ነቢዩም ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት አዘዙ፤ ሰዎቹም ሰጡ፤ የተሰበሰበው ግን ለዕዳው አልበቃም። ከዚያም ባለገንዘቦቹ ያገኙትን እንዲወስዱ፣ ከዚያ በላይ ግን እንዳይጠይቁት ነገሯቸው። ይህን አቡ ሰዒድ አል ኹድሪ አስተላልፈውታል፤ ኢማም ሙስሊምም ጽፈውታል። ብዙዎቹ ሊቃውንት እንዳስረዱት፣ ቀሪው ዕዳ ተሰረዘ ማለት ሳይሆን ሰውዬው እስኪያገኝ ድረስ ይቆይለታል ማለት ነው። በሱረቱል በቀራም የተቸገረ ባለዕዳ እስኪመቸው እንዲታገሡት፣ ቢምሩት ደግሞ የበለጠ መልካም እንደ ሆነ ታዟል።

ይሁን እንጂ ይህ ትእዛዝ ለሀብታም መሸሸጊያ አይደለም። መክፈል እየቻለ የሚያዘገይ ሰው በዳይ መሆኑን ነቢዩ አስተምረዋል። ድኻ ነኝ የሚል ሁሉ ድኽነቱን በማስረጃ ሊያሳይ፣ ሣጥኑን ሊከፍት፣ መዝገቡን ሊዘረጋ ይገባዋል።

የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣን እንደ ጋብቻ፣ ውርስና ወቅፍ ባሉ ጉዳዮች ስለ ሆነ፣ የዕዳ ክስ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታያል። መጥሪያ ሲመጣ መሰወር የድኻ ትልቁ ጠላት ነው። ተከሳሽ በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ ነገሩ እርሱ በሌለበት ይሰማል፤ የተጠየቀው ገንዘብ በዝቶ ቢጻፍ እንኳ የሚያስተባብልለት አይኖርም። ባለመቅረቡ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ሊያመለክት ይችላል፤ ቀኑ ካለፈ ግን በሩ ይዘጋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ዕዳን ጻፉ ማለቱን ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን አንዳንዱ ወረቀት የለም ብሎ ይክዳል። ዳኛው በሰነድ ጉድለት ቢለቀው፣ ያ ገንዘብ አሁንም በአንገቱ ላይ ነው፤ መሐላ የቀረበለት ዕለትስ ምን ሊል ነው?

በቀድሞ ዘመን በሀገራችን ባለዕዳና ባለገንዘብ በቁራኛ ተቈራኝተው አብረው ይውሉ ነበር። ያ ቀርቷል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለዕዳው ኑሮውን የሚያገኝበት መሣሪያ፣ ለእርሱና ለቤተ ሰቡ ለሦስት ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብ፣ ከደመወዙም ሁለት ሦስተኛው በፍርድ አፈጻጸም እንዳይያዝ ይከለክላል። ልብስ ሰፊ መኪናው ሊወሰድበት ሲል ይህን ለችሎቱ ያመልክት፤ ዝም ካለ ማን ያውቅለታል?

ከሁሉ የሚሻለው ግን ዕርቅ ነው። ከዕብ ኢብን ማሊክ ከኢብን አቢ ሐድረድ ጋር ስለ ዕዳ በመስጊድ ሲከራከሩ ድምፃቸው ከፍ አለና ነቢዩ ከቤታቸው ሰሙት። መጋረጃውንም ገልጠው ከዕብ ግማሹን እንዲተው በእጃቸው አመለከቱት፤ ከዕብም ተወ። ወዲያው ለባለዕዳው ተነሥቶ ቀሪውን እንዲከፍል አዘዙት። ስለዚህ የሚታረቁ ሰዎች በየወሩ የሚከፈለው ባለዕዳው በእውነት የሚችለው ይሁን፤ ስምምነቱን ጽፈው ለችሎቱ ያቅርቡና ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ፤ ለተከፈለውም ሁሉ ደረሰኝ ይቀበሉ። የዘመኑን ዘካ የሚያወጣ ጎረቤት ነጋዴም፣ በሱረቱ ተውባ ከተቈጠሩት ስምንት ተቀባዮች አንደኛው ባለዕዳ መሆኑን ያስብና ድርሻውን ለዚህ ሰው ይስጥ።