የጎታች ጀልባው ፍጥነት ለምን ይዋዥቃል?

በውሃ ስኪ ውድድር የስላሎም መስመር 259 ሜትር ርዝመት አለው። በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎታች ጀልባ ይህን በ16.08 ሰከንድ ይጨርሰዋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ተጎታቹ ከመስመሩ መሐል 11.5 ሜትር ወጣ ብለው የተተከሉትን ስድስት ተንሳፋፊ ኳሶች፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እያለ፣ ዞሮ መጨረስ አለበት። በዞረ ቁጥር ጀልባውን በሙሉ ኃይሉ ወደ ኋላ ይስበዋል። ቀድሞ ይህንን ስበት እየገመተ ነዳጅ የሚጨምረውና የሚቀንሰው የነጂው እጅ ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እንደ ካናዳው ፐርፌክትፓስ ያሉ መሣሪያዎች ሥራውን ከእጅ ተረከቡ።

መሣሪያው በትክክል ሲሠራ ማንም አያስታውሰውም። ሲበላሽ ግን ገመዱን የያዘው ሰው በክንዱና በወገቡ ያውቀዋል፤ ፍጥነቱ ድንገት ሲወርድ ይሰጥማል፣ ድንገት ሲጨምር ተፈናጥሮ ይወድቃል።

በፍሎሪዳ ሐይቆች በአንዱ ዳር፣ በአንድ የጀልባ ጋራዥ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ወጣት እንዲህ ያለ ጀልባ እጁ ገባ። ቢጨንቀው ጡረታ የወጡ አንድ የአገሩን ሰው ጠራ። አዛውንቱ ሙያውን የጀመሩት ምጽዋ፣ በባሕር ኃይሉ የሞተር ክፍል ነው። በ1982 ዓ.ም. ከተማዋ ከመንግሥት እጅ ስትወጣ አብረው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የሠሩት አሜሪካ ነው።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል» አላቸው ገና ሳይቀመጡ። «ባለቤቱን ሌላ ጋራዥ አዲስ እዘዝ ብሎታል። ይዘዝ ልበለው?»

«መሞቱን በምን አወቅህ?»

«58 ላይ ስሞላው 55 ይወርዳል፣ ከዚያ 61 ይወጣል። አይረጋም። አንዳንዴም ሞተሩ ሲነሣ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ይጠፋና እንደገና ይበራል።»

«ይሄ ምልክቱ ነው፤ በሽታውን ገና አላገኘኸውም» አሉ አዛውንቱ። «ይህ ሥርዓት ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይወስናል፣ አንዱ ያንቀሳቅሳል። የሚለካው ከጀልባው ሥር ያለው የውሃ መዘውር ወይም ጂፒኤሱ ነው። የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የነዳጁን ካቦ የሚስበው ሰርቮ ሞተር ነው። ከነዚህ ውጪ ሁለት ነገር አለ፦ ሁሉንም የሚመግበው ኤሌክትሪክና ሁሉም የሚያዙት ሞተር። አምስት ተጠርጣሪ እያለህ በጣም ውዱን ብቻ ለምን ታስራለህ?»

«እሺ፣ ከየትኛው ልጀምር?»

«ምንም ሳትፈታ ብዙውን ከሚያጣራልህ። መቆጣጠሪያውን አጥፋና ጀልባውን በእጅህ ንዳው። እንደዚያም ሆኖ ሞተሩ የሚዋዥቅ ከሆነ ችግሩ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የካንዴላ ወይም የፕሮፔለር ነው፤ መቆጣጠሪያው ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ነው።»

ከመነሣታቸው በፊት የሞተር ክፍሉን አየር ማውጫ ማራገቢያ አራት ደቂቃ አስበሩት። ቤንዚን በሚጠቀም ጀልባ ውስጥ የተጠራቀመ ጋዝ አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል። ወጣቱ የሞተር ማቋረጫውን ገመድ ወገቡ ላይ አሰረ። ማቋረጫ ያለው ከ26 ጫማ ያነሰ ጀልባ በፍጥነት ሲነዳ ገመዱ ነጂው ላይ መታሰሩ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የፌደራል ግዴታ ነው። ሰው የሚጎተት ከሆነ ደግሞ የፍሎሪዳ ሕግ ከነጂው ሌላ ተመልካች፣ ወይም ሰፊ የኋላ መስተዋት ይጠይቃል።

በእጅ ሲነዳ ሞተሩ አልተነቃነቀም። ዙሩም ፍጥነቱም ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ሞተሩ ነጻ ወጣ» አሉ። «አሁን ኤሌክትሪኩን እንጠይቀው። ቴስተርህን አምጣ።»

ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት ተነበበ፤ ደኅና ነው። ሞተሩ ተነሥቶ 14.1 ሆነ፤ ይህም ደኅና ነው። ወጣቱ ቴስተሩን ሊያጥፍ ሲል አዛውንቱ እጁን ያዙት።

«ባትሪው ጋ ያለው ቮልት ለባትሪው ነው። ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሰው ስንት ነው? አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ማሳ፣ ማለትም ኔጌቲቭ፣ የሚያገኝበት ሽቦ ላይ አድርግ። ሁሉም ነገር በርቶ እየሠራ።»

1.4 ቮልት ተነበበ።

«ይህ ቁጥር ዜሮ መጠጋት አለበት» አሉ። «ከ0.2 ካለፈ መንገድ ላይ የሚበላ ነገር አለ። ሞተር ስታስነሣ ሞተሪኖው ብዙ አምፔር ስለሚስብ የባትሪው ቮልት ለቅጽበት ዝቅ ይላል። በዚያ ላይ ይህ ሲቀነስበት ኮምፒውተሩ መቆም ያቅተዋል። ስክሪኑ የሚጠፋው ለዚህ ነው።»

ሽቦውን በእጃቸው እየዳበሱ ተከተሉት። ከመቀመጫው ሥር ብዙ ሽቦዎች ወደሚታሰሩበት ቡሎን ደረሱ። ቡሎኑ በእጅ ሲያዝ የጠበቀ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን የሽቦው ቀለበት ፊት በአረንጓዴ ቅርፊት ተሸፍኖ ነበር። ወጣቱ ሁለቱንም ፊት መዳቡ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገና መልሶ አጠበቀው። ቴስተሩ 0.05 አነበበ። ሞተሩን ደጋግመው ቢያስነሡት ስክሪኑ አልጠፋም።

«አለቀ ማለት ነው?»

«አንዱ አለቀ። ያነሣህልኝ ሁለት ምልክት ነው። አንዱን ነገር ቀይረሃል፤ ሌላ ሳትነካ ውሃ ላይ ፈትነው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ቀይረህ ቢሠራልህ የትኛው እንዳዳነህ አታውቅም። ነገ ሌላ ጀልባ ሲመጣ ደግሞ ያው ትደናገራለህ።»

ውሃ ላይ ሲሞከር ፍጥነቱ አሁንም ይወጣል ይወርዳል።

ወጣቱ ወዲያው ወደ መዘውሩ ሄደ። መጠርጠሩ ተገቢ ነበር፤ በፍሎሪዳ ሐይቆች ሃይድሪላ የተባለው አረም በብዛት ስላለ ትንሿን መዘውር ጠምጥሞ ይይዛታል። አዛውንቱ ግን ጀልባው ከውሃ ሳይወጣ ሊያውቁት ፈለጉ። «በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ከስክሪኑ አጠገብ አስቀምጥና እየነዳህ ሁለቱን አስተያይ። መዘውሩ ሲዋዥቅ ጂፒኤሱ ቀጥ ካለ፣ የሚዋሸው መዘውሩ ነው። ሁለቱ አብረው ከወጡና አብረው ከወረዱ ግን መዘውሩ እውነቱን ነው፤ በእርግጥ የሚዋዥቀው ጀልባው ነው።»

«ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ነው የሚለኩት?»

«አይደለም። መዘውሩ የሚለካው ከውሃው አንጻር ነው፣ ጂፒኤሱ ከመሬት አንጻር። ወንዝ ላይ ብትሆን ጅረቱ ያለያያቸዋል፤ ኳሶቹ ደግሞ የታሰሩት ከወለሉ ጋር ስለሆነ የሚያዋጣህ የመሬቱ ነው። የረጋ ሐይቅ ላይ ግን መስማማት አለባቸው። እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የሲቪሉን ጂፒኤስ ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ያ ከተነሣ ወዲህ ነው እንደ ዜሮ ኦፍ ያሉ በጂፒኤስ የሚሠሩ መቆጣጠሪያዎች የመጡት።»

ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። መዘውሩም ነጻ ወጣ።

ቀሪው ኮምፒውተሩና ሰርቮው ነው። አዛውንቱ ሞተሩን አስጠፍተው መክደኛውን ከፈቱ። «አሁን ሰርቮውን ቀስ ብለህ በእጅህ አንቀሳቅስ። ዓይንህ ግን ሌላኛው ጫፍ ላይ፣ ሞተሩ አየር የሚያስገባበት ቫልቭ ላይ ይሁን።»

ሰርቮው ዞረ። ቫልቩ አልተንቀሳቀሰም። ሰርቮው ጥቂት ከሄደ በኋላ ቫልቩ እመር ብሎ ተከፈተ። የካቦውን ሽፋን ከማቀፊያው ጋር የሚይዘው ዳዶ ላልቶ ስለነበር፣ ሰርቮው ሲስብ መጀመሪያ የሚሄደው ሽፋኑ ነበር።

«ይህችን ታህል ልልነት ጀልባውን ሙሉ ታዋዥቃለች?» አለ ወጣቱ።

«ምጣዱ አልሞቀም ብላ እንጨት የምትጨምር ሴት አስብ» አሉ አዛውንቱ። «ትጨምራለች፣ ሙቀቱ አልደረሰም። ደግማ ትጨምራለች። ሙቀቱ ሲደርስ አንድ ላይ ነው፣ እንጀራው ያርራል። እሳቱን ትቀንሳለች፣ ያም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ኮምፒውተሩ ፍጥነት ቀነሰ ብሎ ያዛል፣ ልልነቱ ትእዛዙን ይውጠዋል። አሁንም አልጨመረም ብሎ አብዝቶ ያዛል። ልልነቱ ሲያልቅ ቫልቩ ከሚፈለገው በላይ ይከፈታል። ኮምፒውተሩ ሥራውን በትክክል ነው የሠራው፤ የሚያዘው እጅ ነው የዘገየበት።»

ዳዶው ጠበቀ። አዛውንቱ አንድ ነገር አስጨመሩ፦ መቆጣጠሪያው ሲጠፋ ካቦው ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ መቀመጡን ማረጋገጥ። ካቦውን ከመጠን በላይ ያወጠረ መካኒክ ነዳጁን ትንሽ ክፍት ትቶ ይሄዳል፤ ይህ ከመዋዠቅ የባሰ አደጋ ነው።

ከዚያ ጀልባው መጀመሪያ ባዶውን ተፈትኖ ወደ መስመሩ ወጣ። ከገመዱ ጫፍ ተጎታች እያለ ቁጥሩ 58 ላይ ቆየ፤ ከመግቢያ እስከ መውጫ በሰዓት ሲያዝ 16.1 ሰከንድ ሆነ።

በአዲሶቹ ጀልባዎች ካቦም ሰርቮም የለም፤ ነዳጁን የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ራሱ ነው። ስለዚህ ብልሽቱ የሚነበበው በመመርመሪያ ኮድ ነው። የቮልትና የማሳው ምርመራ ግን እዚያም መጀመሪያ ነው።

አዲሱ ኮምፒውተር አልታዘዘም፤ ሥራው የወሰደው አንድ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ መፍቻ ነው። ጎታች ጀልባ ያላችሁ ወይም የምትጠግኑ አንባቢዎች ሆይ፣ ለመለዋወጫ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጀልባውን በእጅ ንዱት፣ ማሳውን በቴስተር ለኩት፣ መዘውሩን ከጂፒኤስ ጋር አስተያዩት፣ ካቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱት። ይህን ሁሉ ስትፈትኑም በገመዱ ጫፍ ሰው አትስቀሉ፤ ተጎታቹ የሚወጣው ፍጥነቱ መርጋቱን ባዶውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው።