ለቤት ልምምድ የሚሆን የጊታር አምፕሊፋየር፦ ዋት ሲበዛ ድምፅ ምን ያህል ይጨምራል?

የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ብቻውን የሚያሰማው ድምፅ ደካማ ነው። ከክሮቹ ሥር የተገጠመው ፒክአፕ ንዝረቱን ወደ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል፤ አምፕሊፋየሩም ምልክቱን አጉልቶ በስፒከር ያሰማዋል።

ብዙ ገዢዎች በቅድሚያ የሚመለከቱት የዋቱን ብዛት ነው። ይሁን እንጂ ኃይሉ አሥር እጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው በ10 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ለጆሯችን እጥፍ ያህል ብቻ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ስፒከራቸው ተመሳሳይ ከሆነ፣ ባለ 100 ዋቱ ከባለ 10 ዋቱ የሚበልጠው በእጥፍ ገደማ ነው። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ የአፓርታማ ነዋሪ ደግሞ 10 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲያው ገንዘብዎን ለዋት ከማውጣት ይልቅ ሦስት ነገሮችን ያጣሩ። አንደኛ፣ ሌሊት ማንንም ሳይረብሹ ለመለማመድ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለውን? ሁለተኛ፣ ስፒከሩ ስንት ኢንች ነው? ባለ 8 ኢንቹ ከአነስተኞቹ ይልቅ ወፍራም ድምፆችን አሟልቶ ያሰማል። ሦስተኛ፣ ስንት ቮልት ይቀበላል? ለአሜሪካ 120 ቮልት ብቻ የተሠራ ዕቃ በኢትዮጵያ ወይም በአውሮፓ መሰኪያ ላይ በቀጥታ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት በራስዎ ጊታር፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው ይሞክሩት፤ በቤትዎ የሚጫወቱት እንደዚያ ነውና።