የአልበም ገጽ ርዕስ፦ ፊደል፣ ቀለምና ወረቀት

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲ የሚሰናበቱ ተማሪዎች ፎቶግራፎችን፣ የጓደኞቻቸውን የመጨረሻ ቃልና ፊርማ፣ አንዳንዴም የጉዞ ትኬት ሳይቀር በአንድ ጥራዝ ሰብስበው ያኖራሉ። የእያንዳንዱን ገጽ ርዕስ በኮምፒውተር ጽፎ በፕሪንተር ማተም ዛሬ ቀላል ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጥራዙን ሲገልጡ ፎቶግራፉ ደህና ሆኖ ርዕሱ ደብዝዞ ወይም ፈስሶ መገኘቱ ያጋጥማል። ምክንያቱን ለመረዳት ከፊደሉ አቀራረጽ እንጀምር።

በዘመናዊ ፎንት ውስጥ አንድ ፊደል የሚቀመጠው እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ሒሳብ ቀመር ነው። የፊደሉ ዳርቻ በጥቂት ነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያገናኙ ኩርባዎች ይገለጻል። ኩርባዎቹ የሚጠሩት በፈረንሳዊው መሐንዲስ በፒየር ቤዚዬ ስም ሲሆን፣ እርሱ የሬኖ ኩባንያ መኪናዎችን አካል ለመንደፍ ተጠቅሞባቸዋል። ቀመሩ በማናቸውም ቁጥር ሊባዛ ስለሚችል «ሀ» በ12 ነጥብም ሆነ በ200 ነጥብ መጠን ዳርቻዋ አይሸራረፍም። ፎቶግራፍ ግን እንዲህ አይደለም። በፊደሎቹ ሆድ ውስጥ ፎቶግራፍ መሙላት ከፈለጋችሁና ርዕሱ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ለማተም ፎቶግራፉ በወርዱ 1,772 ያህል ፒክስል ያስፈልገዋል። ከዚህ እጅግ ካነሰ ምስሉ ይደበዝዛል።

የፊደል መጠን የሚለካው በነጥብ ነው፤ 72 ነጥብ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ልኬት ከፊደሉ በላይና በታች የሚተወውን ክፍት ቦታ ስለሚጨምር ፊደሉ ራሱ ከዚያ አጠር ይላል። ስለሆነም መጠኑን በግምት ከመሞከር ይልቅ በዝምድና ማስላት ይሻላል። ርዕሱ በ100 ነጥብ ሲታተም 25 ሴንቲ ሜትር ከያዘና ገጹ ላይ ያለው ቦታ 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ተፈላጊው መጠን 100 × 18 ÷ 25 = 72 ነጥብ ነው። በዚህ አጋጣሚ የቀለም ፍጆታንም እናስተውል። መጠኑ በእጥፍ ሲያድግ ሙሉ በሙሉ የተቀባ ፊደል ስፋቱ በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ቀለሙም እንዲሁ። ዳርቻው ብቻ በቀጭን መስመር የተሳለ ፊደል ግን፣ የመስመሩ ውፍረት ካልተለወጠ፣ የሚጠይቀው ቀለም ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ውስጡን በቀለም እርሳስ መሙላት ይቻላል። የካርትሪጅን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ስሌት አይንቀውም።

በእንግሊዝኛ የተጻፉ የአልበም መመሪያዎች ትልቁንና ትንሹን ፊደል እያፈራረቁ ማስጌጥን ይመክራሉ። የእኛ ፊደል ይህ ልዩነት ስለሌለው ምክሩ አይሠራልንም። በአንጻሩ የእኛን ፊደል የሚፈታተን ሌላ ነገር አለ። በ«ቢ» እና በ«ቤ» መካከል ያለው ልዩነት በእግር ጫፍ ላይ ያለ አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት። ፊደሉን እጅግ ሲያወፍሩት ወይም ቀለም በሚመጥ ወረቀት ላይ ሲያትሙት ቀለበቷ ትደፈናለች፤ «ቤታችን» የሚለው ርዕስም «ቢታችን» ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ ለጌጥ የተመረጠውን ፎንት አስቀድሞ በ«ሌ»፣ «ቤ» እና «ሴ» መፈተን ያሻል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ርዕስንና ከበሬታ የሚሰጠውን ስም በቀይ ቀለም ይለዩ፣ የገጹንም ራስ በሐረግ ያስጌጡ ነበር። ፊደሉን ሳያውኩ የማስዋብ ብልሃት ከዚያ ሊወሰድ ይችላል።

የቆየ ፋይል ላይ ለሚሠሩም አንድ ማሳሰቢያ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱን ኮድ ይጠቀም ነበር። በአንድ ባይት የሚገኙት 256 ኮዶች ለፊደላችን፣ ለቁጥሮቹና ለሥርዓተ ነጥቡ በአንድነት ስለማይበቁ የተለያዩ ብልሃቶች ተፈጥረዋል። በዚህ ምክንያት የያኔው ርዕስ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል።

ፊደሉን ቆርጦ መለጠፍ የሚፈልግ ርዕሱን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጦ በባለቀለም ወረቀት ጀርባ ላይ ያትም፤ ያኔ የመቁረጫው መስመር ከፊት አይታይም። እንደ «መ» እና «ዐ» ያሉትን ፊደላት ቀዳዳ ከዳርቻው በፊት መቁረጥ ይገባል፤ ወረቀቱ ገና ሙሉ ሳለ አይጣመምምና።

አሁን ወደ ቀለሙ እንመለስ። በኢንክጄት ፕሪንተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀለም ይገኛል። አንደኛው በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ሲሆን ደማቅ ነው፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ውኃ ይፈታዋል፣ ብርሃንም የሞለኪውሎቹን ትስስር ይሰብራል። ሁለተኛው ፒግመንት ይባላል፤ ያልሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶችን የያዘ ስለሆነ ብርሃንንና ውኃን በተሻለ ይቋቋማል። ይህ ጸሐፊ በአንድ ወቅት የአንድ ሙሉ አልበም ርዕሶችን በሟሚ ቀለም አትሞ በውኃ ሠራሽ ሙጫ ለጥፎ ነበር፤ በማግስቱ ርዕሶቹ ሁሉ ሐምራዊ ጥላ አውጥተው ተገኙ። የሌዘር ፕሪንተር ዱቄት በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የሚጣበቅ ፕላስቲክ ነው፤ የጥቁሩ ማቅለሚያም አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን ነው። ለብራናው ጥቁር ቀለም የሚያገለግለው ጥላሸትም ካርቦን መሆኑን ልብ ይሏል። ብርሃን ካርቦንን በቀላሉ አያደበዝዘውም።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ጠላቶቹ አሲድና ሊግኒን የተባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ናቸው። አሲድ የሴሉሎስን ረጅም ሰንሰለት እየቆራረጠ ወረቀቱን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ሊግኒን ደግሞ በብርሃንና በአየር ምክንያት ወደ ቢጫነት ይለወጣል፤ አሮጌ ጋዜጣን መመልከት ይበቃል። አሲዱ አጠገቡ ወዳለው ፎቶግራፍም ይሻገራል። ከአሲድ ነጻ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት መምረጥ፣ ሟሚ ቀለም ለተጠቀመ በደረቅ ማጣበቂያ መለጠፍ፣ የታተመውንም ከመለጠፍ በፊት አንድ ቀን ማድረቅ ያስፈልጋል። የገጽ መሸፈኛው ከፒ.ቪ.ሲ. ይልቅ ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ቢሆን ይመረጣል።