ወፍ ዜማውን እንዴት እንደሚማር

በማንኩሳ ገጠር ማለዳ የሚነሣ ገበሬ ፀሐይ ሳትወጣ የወፎችን ድምፅ ከየቁጥቋጦው ይሰማል። ብዙ ሰውም ወፍ ዜማውን ከእንቁላሉ ይዞት የሚወጣ ይመስለዋል። ይህ ለአውራ ዶሮ እውነት ነው፤ ጩኸቱን ማንም አያስተምረውምና። ዘማሪ ወፍ የሚባለው ወገን ግን እንደ ዜማ ተማሪ በጆሮው ሰምቶ፤ በአፉ ደጋግሞ፤ ተሳስቶና ታርሞ ነው የሚያውቀው። ይሁን እንጂ ተማሪን የኔታ ያርመዋል፤ ወፉን የሚያርመው በልቡ ያስቀመጠው የአባቱ ዜማ ነው። ማሳካዙ ኮኒሺ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ፤ በጫጩትነታቸው መስማት የተሳናቸው ወፎች አድገው የወገናቸውን ዜማ አስተካክለው ማዜም እንዳልቻሉ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. አስረዳ።

ጊዜውም አጭር ነው። ዜብራ ፊንች የሚባለው የአውስትራልያ ወፍ ዜማውን የሚማረው ከተፈለፈለ በኋላ እስከ 90 ቀን ግድም ባለው ወራት ነው። በዚያ ወራት አስተማሪ ያጣ ወንድ ጫጩት ኋላ የሚያሰማው ዜማ የተዛባ ይሆናል።

የሰማው ድምፅ በራሱ ውስጥ ወዴት እንደሚደርስ ለማየት፤ ሊቃውንት በሐኪም ቤት ያለውን ትልቅ የማግኔት መሣሪያ ለወፍ አዋሉት። ከአንጎል ክፍሎች አንዱ ሥራ ሲበዛበት ኦክሲጅን የተሸከመ ደም ወደዚያ ይፈስሳል፤ ኦክሲጅን ያለው ደምና የሌለው ደም በማግኔት ፊት ጠባያቸው ይለያያል፤ መሣሪያውም ይህን ልዩነት በሥዕል ያወጣዋል። 15 ግራም ያህል የሚመዝነውን ወፍ በመድኃኒት ያደነዝዙታል፤ እንዳይንቀሳቀስም አጥብቀው በመሣሪያው ውስጥ ያስተኙታል፤ ከዚያም ዜማ ያሰሙታል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መሣሪያው ራሱ እንደ አንጥረኛ መዶሻ ይጮኻልና። በቤልጂግ አገር በአንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ ይህ ምርመራ ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመ ምርመራም ለዜብራ ፊንች የራሱን ዜማ፤ የአስተማሪውን ዜማና የሌላ ወፍ ዜማ አሰምቶ፤ የአንጎሉ ግራና ቀኝ ምላሽ እኩል እንዳልሆነ አሳየ። በሰውም ዘንድ ቋንቋ ለአንደኛው ወገን፤ ይልቁንም ለግራው ማድላቱ የታወቀ ነው።

ሆኖም መሣሪያው የሚያሳየው የደምን ጉዞ እንጂ የወፉን ሐሳብ አይደለም። ደሙም ከድምፁ ጥቂት ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ይህን ያልለየ ሰው የሥዕሉ ቀለም ያታልለዋል።

በልጅነት የተሰማ ዜማ ምን ያህል እንደሚጸና ለማወቅ ግን ወደ አውስትራልያ መሄድ አያሻም። በኢትዮጵያ በመንደር አጠገብ የወደቀ እህል የምትለቅም፤ ምንቃርዋ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ አለች። ሌላ ጥቁር ወፍ ደግሞ ጎጆ ሳይሠራ ይኖራል፤ ሴቲቱ እንቁላልዋን በዚያች በቀይዋ ጎጆ ትጥላለች። የባዕድ ጫጩትም በዚያ ያድጋል፤ የአሳዳጊ አባቱንም ዜማ ይሰማል። ላባው ጠቁሮ ወንድ በሆነ ጊዜ ከዛፍ ጫፍ ተቀምጦ ያንኑ ዜማ ከራሱ ወገን ድምፅ ጋር እየቀላቀለ ያሰማል። በተመሳሳይ ጎጆ ያደገች ሴትም ዜማውን ሰምታ ወደ እርሱ ትመጣለች።